የትንሽ ካርቡራተር ልክ በካፋ ደጋና ቆላ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በእጄ የያዝኋት ይህች ባለ ቀዳዳ ናስ፣ እኛ በተለምዶ ጂግለር የምንላት፣ ከአንዲት የአተር ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። ይሁን እንጂ ክትባት ተሸክሞ የሚሄድ የጤና ባለሙያ በሰዓቱ መድረሱ ወይም ዳገት ላይ መቅረቱ በዚህች ቀዳዳ ስፋት የሚወሰንበት ጊዜ አለ።

ነገሩን በብርቱ እንዳስብበት ያደረገኝ በካፋ ዞን በቢታ ገነት ከተማ ያየሁት ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሞተር ብስክሌቶችን ለመመርመር ተልኬ ስደርስ፣ አንድ ወጣት መካኒክ ዳገት አልወጣ ያለውን ባለ 100 ሲሲ ሞተር ካርቡራተር ፈትቶ፣ ዕቃውን በጨርቅ ላይ ዘርግቶ ነበር። በአንድ እጁ ጂግለሯን፣ በሌላው የጆንያ መስፊያ ወስፌ ይዟል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ጉልበት የለውም፤ ቤንዚን አንሶታል። ቀዳዳዋን ጥቂት ላስፋለት ብዬ ነው።»

ካንዴላውን አምጣልኝ አልሁት። አመጣው፤ በደረቅ ጥላሸት ተለብጧል። የጭስ ማውጫው ጫፍም እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ሞተሩ አልተራበም ነበር፤ ከልክ በላይ ጠግቦ ነበር እንጂ። ወጣቱን ግን ልወቅሰው አልቻልሁም። የደከመን ሁሉ የጎደለው ምግብ ነው ብሎ መገመት የሰው ሁሉ ልማድ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው ወደ 85 በመቶ ይወርዳል፤ በአዲስ አበባ፣ በ2,355 ሜትር ላይ፣ ወደ 79 በመቶ ዝቅ ይላል። ካርቡራተር ደግሞ አየርን የሚመዝንበት ሚዛን የለውም። ጣሊያናዊው ቬንቱሪ እ.ኤ.አ. በ1797 ጽፎ ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንስና ቤንዚኑ በጂግለሯ በኩል ይሳባል። አየሩ ሲሳሳ ስበቱም ይደክማል፤ ነገር ግን የቤንዚኑ ቅናሽ የአየሩን ቅናሽ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር ጠለል የተመጠነች ጂግለር በቦንጋ ከፍታ ከ8 እስከ 9 በመቶ የሚሆን ትርፍ ቤንዚን ትሰጣለች።

ወስፌው የሚጨምረውን ጥፋት በዚህ ላይ እንደምር። በብዙ ካርቡራተሮች ላይ 100 የሚል ቁጥር ያላት ጂግለር ቀዳዳዋ አንድ ሚሊሜትር ነው። ያን በአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ብናሰፋው የቀዳዳው ስፋት በ21 በመቶ ያድጋል። ቀዳዳውም ክብነቱን ያጣል፤ በላይዋ የተጻፈው ቁጥርም ከዚያ ወዲያ ሐሰት ይሆናል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው መካኒክ 100 የሚለውን አንብቦ ያምናል፤ ጥፋቱንም ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። በዚያ ሞተር ላይ ያደረግነው ወስፌውን አስቀምጦ 96 ቁጥር ማስገባት ብቻ ነበር። ዳገቱን ወጣ። እርግጥ ነው፣ በባሕር ዳርቻ የሚኖረውን ጉልበት አላገኘም፤ አየሩ የነሣውን 15 በመቶ ማንኛውም ቪስ አይመልሰውም። ይህን ለባለ ንብረቱ አስቀድሞ መናገር የእኛ ድርሻ ይመስለኛል፤ ካልነገርነው ሌላ ወስፌ የያዘ ሰው ፍለጋ ይሄዳልና።

እስከዚህ ድረስ አዋቂ መስዬ ተናግሬአለሁ። አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ከዚያ አስቀድሞ፣ ገና በአዲስ አበባ ስሠራ፣ ወደ ካፋ የሚሄድ አንድ ባለ ሁለት ምት ሞተር አስተካክል ተብዬ ነበር። ባለ ንብረቱ ነዳጅ እንዲቆጥብለት ስለ ለመነኝ፣ ጂግለሯን ለአዲስ አበባ አየር በሚበቃው በመጨረሻው ጠርዝ ላይ አሳነስኋት። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር፤ እኔም ተመሰገንሁ። ነገር ግን ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሰው ወደ ጎጀብ ሸለቆ መውረድ አለበት፤ ወንዙም የሚገኘው ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው። በዚያ አየሩ ይወፍራል፤ በእኔ ልክ የተሳለው ድብልቅ በ5 በመቶ ያህል ይበልጥ ሳሳ። ከድልድዩ በኋላ ያለውን ዳገት ሰውና ጭነት ይዞ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሲወጣ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ተያያዘ። ሰውየው ሌሊቱን መንገድ ላይ አደረ። የፒስተኑን ዋጋ ከፈልሁ፤ ያን ሌሊት ግን የምከፍልበት መንገድ አልነበረኝም።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሞተሩ ከሚጠገንበት ቦታ ይልቅ አዘውትሮ የሚወርድበትን ዝቅተኛ ቦታ እጠይቃለሁ። ካፋ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ደጋውንም ቆላውንም የሚያሳይ አገር ነው። በደጋ ጥቂት ቢያጨስ ካንዴላ ይጠረጋል፤ በቆላ ቢሳሳ ግን ፒስተን ይቀልጣል። ሁለቱ ጥፋቶች እኩል አይደሉም።

ስለ አገጣጠሙም ጥቂት ልበል። ብዙ ጊዜ ካርቡራተሩ የሚከሰሰው በሐሰት ነው። ከሲሊንደሩ ጋር የሚያያይዘው ጓርኒሲዮን ከተቀደደ፣ ወይም ቡለኑ ከልክ በላይ ጠብቆ ፊቱ ከተጣመመ፣ ያልተመጠነ አየር በጎን ይገባል። ሚኒሞ ላይ እያለ በመገጣጠሚያው ዙሪያ የሳሙና ውኃ ጠብ አድርጉ፤ ውኃው ከተሳበና ድምፁ ከተለወጠ ሌባው ተገኘ። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ የመጣ አዲስ ካርቡራተር ቢሆንም ቡለኑ ስለ ገጠመ ብቻ ተስማማ ማለት አይደለም፤ የጉሮሮው ስፋት ከአሮጌው ጋር ይለካ።

በትንሿ ማስተካከያ ቪስ ላይ ደግሞ ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳ ሲሳሳቱ አይቻለሁ። ቪሷ ያለችው በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የምትቈጣጠረው አየርን ነው፤ ስትጠብቅ ድብልቁን ታወፍራለች። በሞተሩ በኩል ከሆነች ግን የምትቈጣጠረው ቤንዚንን ነው፤ ስትጠብቅ ታሳሳለች። ይህን ሳይለዩ ካቻቢቴ ማንሳት በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው። ደግሞም ይህች ቪስ የምትገዛው ሚኒሞውንና የጋዙን መጀመሪያ ብቻ ነው፤ መካከሉን መርፌዋ፣ መጨረሻውን ዋናዋ ጂግለር ይገዛሉ። ዳገት ላይ የደከመን ሞተር በሚኒሞ ቪስ ለማዳን የጠፋው ጊዜ ተሰብስቦ ቢሰጠኝ ዕድሜዬን ያረዝመው ነበር።

በካፋ ከሁሉ በፊት የሚደረገው ግን ውኃውን ማፍሰስ ነው። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ቤንዚኑም ብዙ ጊዜ በጀሪካንና በሃይላንድ ተቀድቶ የሚመጣ ነው። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን መፍሰሻ ከፍታችሁ የሚወርደውን በብርጭቆ ተቀበሉ፤ ውኃው ከባድ ስለሆነ ከታች ተለይቶ ይታያል። ይህን ሳታደርጉ ሌላውን አትንኩ።

ቀጥሎ ሞተሩን ዳገት ላይ ጋዙን ከፍታችሁ አስኪዱት፤ ፍሪሲዮን ይዛችሁ በድንገት አጥፉት፤ ካንዴላውንም እዚያው ፍቱ። ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ወፍሯል፤ አመድ መስሎ ከነጣ ሳስቷል። ትክክለኛው መልክ ለካፋ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ ምጣድ ላይ ገና መቅላት የጀመረ ቡና ነው። የቢታ ገነቱ ወጣት ይህን ስነግረው ሳቀና፣ «ይኸማ እናቴም ታውቀዋለች» አለኝ።

በቅርብ ጊዜ የሚመጡ አንዳንድ ሞተሮች ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ መርጫ ስለሚመጥኑ የአየሩን ግፊት ራሳቸው እየለኩ ያስተካክላሉ። በገጠር መንገድ ላይ ካርቡራተር ያላቸው ግን አሁንም ብዙ ናቸው፤ ቀዳዳቸው በወስፌ የሰፋም እንዲሁ።

ከ90 እስከ 105 ቁጥር ያላቸው ጂግለሮች በዚህ ሣጥን ውስጥ አሉ፤ የመለኪያ ሽቦም አብሮ አለ። ከንግግሩ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ቀርባችሁ፣ ከየወርክሾፓችሁ ያመጣችኋቸውን አሮጌዎች እንድትለኩና ቁጥራቸው እውነት መሆኑን እንድታዩ እጋብዛለሁ። የሰፉትን ለይታችሁ በግራ በኩል ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ጣሉልኝ።