በጫማ ውስጥ የተነሰነሰ ጨው
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው አርእስት ለጊዜው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገሩ ስለ ቅርጫት ኳስ ነው፤ ይሁን እንጂ ስለ ኳሱ ሳይሆን፥ ኳሱን የሚጫወተውን ልጅ ስላሳደጉት ሰዎች ነው። ታላቁን ተጫዋች ዓለም ያውቀዋል፤ ስሙ በየሸሚዙና በየጫማው ላይ ታትሟል። ያበላችው፥ ያጠበችው፥ የቀጣችው እናት ግን ምን ታስታውሳለች? ይህን ጥያቄ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል አብዛኞቻችን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አስተማሪዎች፥ ወይም ወላጆች፥ ወይም ሁለቱንም መሆናችን አይቀርም። (በንግግራችን የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።)

ቅርጫት ኳስ ለተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲያውም የተፈለሰፈው በተማሪዎች ምክንያት ነው። በዲሴምበር ወር 1891 በአሜሪካ አገር፥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፥ እኛ ወወክማ በምንለው ማኅበር የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ አስተማሪ ነበር። በክረምቱ ብርድ ምክንያት ውጭ መጫወት ያልቻሉ ተማሪዎቹ እንዳይሰለቹ በማለት ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ከፍ አድርጎ አሰቀለና 13 ደንቦች ጻፈ። እንግዲህ ጨዋታው ከመነሻው ለወጣቶች ጉልበት መልካም መውጫ እንዲሆን በመምህር የታሰበ ነበር።

እንደ ምሳሌ የምንወስደው የወይዘሮ ዴሎሪስ ጆርዳንን ቤት ነው። ልጃቸው ማይክል በ1963 በኒውዮርክ፥ በብሩክሊን ተወለደ። ብዙም ሳይቈይ ቤተሰቡ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተመለሰና በዊልሚንግተን ከተማ ተቀመጠ። ጥቁርና ነጭ በየትምህርት ቤቱና በየምግብ ቤቱ ተለያይተው የሚኖሩበት ዘመን በዚያ አገር ገና አልተፈጸመም ነበር። አባትዬው አቶ ጄምስ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ፋብሪካ፥ እናቲቱም በአንድ ባንክ ይሠሩ ነበር። ልጆቻቸው አምስት ሲሆኑ ማይክል አራተኛው ነው። ሀብታሞች አልነበሩም፤ የሚላስ የሚቀመስ ያጡም አልነበሩም። ሁለት ደመወዝ፥ አንድ ግቢ፥ በግቢውም ውስጥ አባትዬው የሠሩት የቅርጫት ኳስ ሜዳ፤ ሀብታቸው ይኸው ነበር።

በ2000 ወይዘሮ ዴሎሪስ ከልጃቸው ከሮዝሊን ጋራ ሆነው ለሕፃናት የሚሆን አንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አሳተሙ። አርእስቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጨው በጫማው ውስጥ» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ትንሹ ማይክል ከታላላቆቹ ልጆች ጋራ ሲጫወት ቁመቱ ስለሚያንስ ይበለጣል፤ ወደ እናቱም ሄዶ እንዴት መርዘም እንደሚችል ይጠይቃል። እናቱም በጫማው ውስጥ ጨው እንዲነሰንስና እንዲጸልይ ይነግሩታል። ልጁ እንደ ታዘዘው ያደርጋል፤ ቁመቱን እየለካ ይጠብቃል፤ ጊዜው ግን ይረዝምበታል። በኋላ አባቱ ቁመት ብቻውን ተጫዋች እንደማያደርግ፥ ልምምድና ቈራጥነት እንደሚያስፈልግ ያስረዱታል።

ይህን ስንሰማ ወዲያው የሚመጣልን የሳይንስ ተማሪ አሳብ ነው፤ ጨው አጥንት አያስረዝምም። እናቲቱም ይህን ሳያውቁ አይቀሩም። ታዲያ ጨው ምን ሠራ? ለልጁ በእጁ የሚሠራው ነገር ሰጠው። ዛሬ መልስ ለሌለው ጥያቄ «ጠብቅ» ብሎ ማሰናበት ልጁን ከጭንቀቱ ጋራ ብቻውን መተው ነው። ጫማውን ይዞ ጨው መነስነስ ግን ከእናት ጋራ ሆኖ መጠበቅ ነው። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ዕንቍላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ የሚታቀፈው መኖር አለበት።

የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው። ወላጅ ለልጁ የተፈጥሮ ስጦታን ሊሰጠው አይችልም፤ ሊሰጠው የሚችለው ጊዜን ነው። ስጦታው እስኪበስል ድረስ ሳያጣድፍና ሳያስጥል አብሮ መቈየት የወላጅ ሙያ ነው።

ለዚህ አንድ ማስረጃ እናቅርብ። ማይክል ጆርዳን ከትምህርት ቤቱ ቡድን ተባረረ የሚለውን ወሬ ያልሰማ የለም። ትክክለኛው ታሪክ ግን ከዚህ ያነሰ፥ ለእኛም ከዚህ ይልቅ የሚጠቅም ነው። በ1978 በሌኒ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ወደ ዋናው ቡድን ሳይመረጥ ቀረ። ከክፍል እኩዮቹ የተመረጠው ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የደረሰ ጓደኛው ነበር፤ ማይክል ያን ጊዜ 1 ሜትር ከ78 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። አልተባረረም፤ ወደ ታናሹ ቡድን ተመደበ፥ በዚያም ሲጫወት ከረመ። ራሱ እንደ ተናገረው፥ ስሙን ከዝርዝሩ ባጣበት ቀን ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ አለቀሰ። የእናቱም ምክር ተመልሶ በርትቶ እንዲሠራ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቁመቱም ጨመረ፥ ዋናው ቡድንም ተቀበለው።

እስቲ አስቡት። በዚያ ዓመት ዋናው ቡድን ገብቶ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሌሎችን ጨዋታ ይመለከት ነበር። በታናሹ ቡድን ግን ተጫወተ። ልጁ ውርደት የመሰለው ነገር በእውነቱ የመጫወቻ ጊዜ ሆነለት። ይህን ልዩነት ያለቀሰው ልጅ በዚያን ቀን ሊያየው አይችልም፤ ሊያየው የሚችል ሌላ ሰው በቤት ውስጥ ያስፈልጋል።

ጊዜ መስጠት ማለት ግን ልጓም መልቀቅ ማለት አይደለም። ወይዘሮ ዴሎሪስ የሚያስታውሱት ሌላ ነገር አለ። አንድ ጊዜ ማይክል በጥፋቱ ለጥቂት ቀን ከትምህርት ታገደ። እናቲቱ «ልጄ አርፎ ይጫወት» አላሉም። ወደ ሥራቸው ይዘውት ሄዱና ከባንኩ አጠገብ በቆመው መኪና ውስጥ አስቀምጠው፥ ራሳቸው በመስኮት እያዩት መጽሐፉን እንዲያነብ አደረጉት። የቅጣቱን ዐይነት እናመስግነው ወይስ እንንቀፈው የሚለውን ለክርክር ክበባችን እንተወዋለን። አሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ ኳሱ ትምህርቱን እንዲበላው አልተፈቀደለትም።

ይህ አቋም እስከ መጨረሻው ጸና። ማይክል በ1981 ወደ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ገባ። በማርች 1982 ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ፥ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅታውንን 63 ለ62 አሸንፎ የአገሩን ሻምፒዮና ሲወስድ ወሳኟን ግብ ያገባው እሱ ነበር። በ1984 ሦስተኛ ዓመቱን እንደ ፈጸመ ወደ ቺካጎ ቡልስ ለመሄድ ሲነሣ፥ ዲግሪውን ሳይዝ መሄዱን እናቱ አልወደዱትም። እሱም ሄደ፤ ነገር ግን ተመልሶ በ1986 በጂኦግራፊ ትምህርት ዲግሪውን ተቀበለ። (የጂኦግራፊ ተማሪዎች በዚህ ቢኰሩ አንከለክላቸውም።) ያን ጊዜ ሰውየው በኳስ የሚያገኘው ገንዘብ በዲግሪ ሊያገኝ ከሚችለው እጅግ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ዲግሪው የእንጀራ ጉዳይ አልነበረም፤ ጕልበቱ ጕልበት ሳይሆን ሲቀር ሰው ሆኖ የሚኖርበት ሌላ ነገር እንዲኖረው የፈለገች እናት ጉዳይ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ አባት ፍላጎት ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም አደጋው ከዚህ ላይ ነው። አቶ ጄምስ ይበልጥ የሚወዱት ቤዝቦል የተባለውን የአሜሪካኖች ጨዋታ ነበር። ማይክልም በ12 ዓመቱ በዚያ ጨዋታ ተሸላሚ ነበር። ነገር ግን ልጁ ወደ ቅርጫቱ ሲያዘነብል አልከለከሉትም። በ1993 አቶ ጄምስ በወንበዴዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት ማይክል በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ የቅርጫት ኳስን ተወ፤ በ1994 ደግሞ የአባቱን ምኞት ለመፈጸም ብሎ በታናሽ ሊግ ቤዝቦል ይጫወት ጀመር። ከፍ ያለ ውጤት አላገኘም፤ በማርች 1995 ወደ ቅርጫት ኳስ ተመለሰ። በ16 ጁን 1996 ቡልስ ሻምፒዮን በሆኑበት ዕለት በአሜሪካ የአባቶች ቀን ይከበር ነበር፤ እሱም ኳሱን ታቅፎ ወለሉ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ከዚህ የምንማረው የአባት ምኞት በልጅ ትከሻ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። እንግዲህ ያልከለከለው አባት ምኞት በ31 ዓመት ጎልማሳ ላይ ይህን ያህል ከሠራ፥ በግድ የተጫነ ምኞት በ12 ዓመት ልጅ ላይ ምን ይሠራ ይሆን? ሐኪም እንድንሆን የተመኙልን፥ መሐንዲስ እንድንሆን የተሳሉልን ወላጆች ያሉን ተማሪዎች ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ጥያቄ አይመስለንም።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ይህ ሁሉ የድል አድራጊ እናት ትዝታ ነው፤ የተሸነፈው ልጅ እናት ትዝታዋን ማን ይጠይቃታል?» የሚል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ኤን ቢ ኤ በሚባለው የአሜሪካ ታላቅ ሊግ 30 ቡድኖች አሉ፤ በእያንዳንዱ 15 መደበኛ ተጫዋች ቢቈጠር 450 ቦታ ይሆናል። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ብቻ ግን ከግማሽ ሚሊዮን ይበልጣሉ።

መልሱን ለማግኘት ከዚያው ግቢ መውጣት አያስፈልገንም። ማይክል ላሪ የሚባል ታላቅ ወንድም አለው። በአባታቸው ሜዳ ላይ ሁለቱ ሲጋጠሙ ለብዙ ዓመታት አሸናፊው ላሪ ነበር። ነገር ግን ቁመቱ ሳይጨምር ቀረ። ማይክል በኋላ ዓለም ያወቀውን 23 ቁጥር የመረጠው ላሪ 45 ቁጥር ይለብስ ስለ ነበር፥ የወንድሜን እኩሌታ ያህል እንኳ ብጫወት ብሎ ነው። የሁሉ ታላቅ የሆነው ወንድማቸው ደግሞ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ከ30 ዓመት በላይ አገልግሏል። አንድ ቤት፥ አንድ ሜዳ፥ አንድ ማዕድ፤ ዝነኛው ግን አንድ ብቻ። እንግዲህ የወላጆችን ሥራ በዝነኛው ልጅ ብቻ ብንመዝነው በላሪ ላይ የደከሙት ድካም ከንቱ ነበር ማለታችን ነው። እንዲህ ማለት ግን አንችልም። ላሪ ባይኖር ማይክል በየማታው የሚታገለው ሰው አያገኝም ነበርና።

ሁለት ደመወዝና ግቢ የሌለው ቤትስ? ኬቪን ዱራንት የተባለው ተጫዋች በዋሽንግተን አጠገብ፥ በሜሪላንድ አደገ። እናቱ ወይዘሮ ዋንዳ የመጀመሪያ ልጃቸውን በ18፥ ኬቪንን በ21 ዓመታቸው የወለዱ፥ በአያቲቱ እየተረዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጃቸው ኰረብታ ሽቅብ እየሮጠ ሲለማመድ ይከታተሉት ነበር። በሜይ 2014 ኬቪን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሲሸለም በሕዝብ ፊት እያለቀሰ ያወራው ስለ ነጥቡ ብዛት አልነበረም። እናቱ ልጆቻቸውን አብልተው ራሳቸው ጦማቸውን ያደሩበትን ሌሊት አስታወሰ፤ ሽልማቱም ለሳቸው እንደሚገባ መሰከረ። ጊዜ ያለ ዋጋ አይሰጥም ማለት ነው። በአንዱ ቤት ዋጋው ከደመወዝ ይከፈላል፤ በሌላው ቤት ከእናት እራት።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህ ለእኛ የማይገባን ነገር አይደለም። ወደዚህ ግቢ ከመምጣታችን በፊት በየቤታችን አንድ በሬ ተሽጧል፥ ወይም አንድ ልብስ ሳይገዛ ቀርቷል፥ ወይም አንዲት እኅት ውሃ ለመቅዳት ስትል ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ለእኛ የተሰጠን ጊዜ ከሌላ ሰው ጊዜ ላይ የተቈረሰ ነው። ስለዚህ የወላጆችን ታሪክ ስንሰማ በመደነቅ ብቻ ማለፍ አይበቃም፤ የተቈረሰውን ጊዜ ለማን እንመልሰው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

መልሳችን ይህ ነው። ነገ በየአውራጃው ለማስተማር ስንሄድ በየክፍላችን በኳስ፥ በሥዕል፥ ወይም በሒሳብ ስጦታ ያለው ልጅ እናገኛለን። ደግሞም ዛሬ ከዝርዝሩ ውስጥ ስሙን ያጣ ልጅ እናገኛለን። ሁለቱ አንድ ልጅ ሊሆኑ እንደሚችሉ አንርሳ። ታናሽ ቡድን በሌለበት ትምህርት ቤት ታናሽ ቡድን እናቋቁም፤ ምርጦቹን ብቻ አሠልጥነን የቀሩትን ወደ ቤት አንስደድ። አባትዬው «ኳስ ልጄን አጠፋብኝ» ብሎ ሲመጣ አንሣቅበት፤ ሥጋቱ የወይዘሮ ዴሎሪስ ሥጋት ነውና የልጁን ደብተር አውጥተን እናሳየው። ልጁ ደግሞ «መቼ ነው የምረዝመው?» ብሎ ሲጠይቀን የማናውቀውን ቀን አንንገረው፤ እስኪረዝም ድረስ የሚሠራውን ሥራ በእጁ እንስጠው፥ አብረነውም እንቈይ።