የባሕር ውስጥ ነዳጅ ጉድጓድ ግፊት የሚናገረውና የማይናገረው



በባሕር ላይ የሚቆፈር ጉድጓድ ዘይት መያዙ ብቻ አያስደስትም። ዋናው ጥያቄ ዘይቱ በምን ያህል ፍጥነትና እስከ መቼ ይፈሳል የሚለው ነው። በየብስ ላይ የተሳሳተ ግምት በሌላ ጉድጓድ ይታረማል፤ በባሕር ላይ ግን የማምረቻው መድረክ ወጪ አስቀድሞ ስለሚወጣ ስሕተቱ ከብረቱ ጋር አብሮ ይተከላል።

ለዚህ የሚረዳው በመቆፈሪያው ቧንቧ አማካይነት የሚደረገው ፍተሻ ነው። ፓከር የሚባለው የጎማ መወተፊያ የሚመረመረውን ንጣፍ ከላይ ካለው የጭቃ ክብደት ይለየዋል። ቫልቩ ሲከፈት ፈሳሹ ወደ ቧንቧው ይገባል፤ ሲዘጋ ደግሞ ግፊቱ ቀስ በቀስ ያገግማል። ብዙው ቁም ነገር የሚገኘው ከፍሰቱ ይልቅ ከዚህ ማገገም ነው። ሆርነር እ.ኤ.አ. በ1951 እንዳሳየው፣ ግፊቱ ከጊዜ ጥምርታ ሎጋሪዝም አንጻር ሲነደፍ ቀጥተኛ መስመር ያወጣል። የፍሰቱ መጠን፣ የፈሳሹ ዝልግልግነትና የንጣፉ ውፍረት ከታወቁ፣ ከመስመሩ ተዳፋት የዓለቱ አሳላፊነት ይሰላል፤ መስመሩ ሲራዘምም የንጣፉ የመጀመሪያ ግፊት ይገኛል። ጭቃው በጉድጓዱ ግድግዳ ዙሪያ ያደረሰው ጉዳትም ከዚሁ ይታወቃል።

ቁፋሮው በተንሳፋፊ መርከብ ሲሆን፣ ማዕበሉ ቧንቧውን እንዳይጎትተው ተንሸራታች መጋጠሚያ ይገባበታል፤ አደጋ ቢመጣ ጉድጓዱ ተዘግቶ መርከቢቱ እንድትላቀቅም በባሕሩ ወለል ላይ ልዩ ቫልቭ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1969 በሰሜን ባሕር የተገኘው የኖርዌይ ኤኮፊስክ መስክ ዓለቱ ጠመኔ ነው። ናሙናው በላቦራቶሪ ሲመረመር ቀዳዳው ብዙ፣ አሳላፊነቱ ግን ጥቂት ሚሊዳርሲ ብቻ ነው። በዚህ ብቻ የሚፈርድ መሐንዲስ መስኩን በናቀው ነበር። ናሙናው አልዋሸም፤ የጣት ርዝመት ያለው ድንጋይ ጠመኔውን የሚያቋርጡትን ስንጥቆች ሊይዝ ስለማይችል ነው። የፍሰት ፍተሻ ግን ስንጥቆቹንም አብሮ ይለካል። ይሁንና አጭር ፍተሻ ለትልቅ ውሳኔ አይበቃምና፣ ከ1971 ጀምሮ አራት ጉድጓዶች ከጊዜያዊ መድረክ ጋር ተያይዘው ዘይቱ በመርከብ እየተጫነ ንጣፉ በረጅም ምርት ተፈተነ።

ፍተሻው ያልተናገረውም ነበር። ዘይቱ ሲወጣ ግፊቱ ወደቀ፤ ለስላሳው ጠመኔም የላዩን ሸክም መቋቋም አቅቶት ተጨመቀ። በ1984 የባሕሩ ወለል መስመጡ ታወቀ፤ በ1987 የብረት መድረኮቹ በ6 ሜትር ከፍ እንዲሉ ተደረገ። በዚያው ዓመት በስፋት የተጀመረው ውሃ ወደ ንጣፉ የማስገባት ሥራ ግፊቱን ቢደግፍም፣ ውሃው ራሱ ጠመኔውን ስላደከመው መስመጡ ወዲያው አልቆመም።