መዝገባችን ስንት ዲግሪ ሙቀት ይችላል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ወደ መድረክ ሲወጣ ሁላችሁም የምትጠብቁት የቁጠባና የብድሩን ቁጥር ነው። እሱ በወረቀት ታድሏችኋል። ዛሬ የምንናገረው ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞችና ስለ መጽሐፍ ነው። ምን አገናኛቸው እንዳትሉን። ባለፈው በጋ የአንዲት አባላችን እንጀራ መጋገሪያ ክፍል ከነምጣዱ ሲቃጠል፣ በማግስቱ ቢሮ መጥታ ያነሳችው የምጣዱን ነገር አልነበረም። «የቁጠባ ደብተሬ ነዷል፤ ገንዘቤ አለ ወይ?» ነበር ያለችው። አለ፤ በእኛ መዝገብ ላይ ተጽፏልና። እሷ ተመርቃ ተመራርቃ ሄደች፤ እኛ ግን እርስ በርስ ተያየን። የእኛ መዝገብስ ቢነድ ማን ጋ ሄደን ነው የምንጠይቀው?

ሬይ ብራድበሪ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1953 «ፋራናይት 451» የሚባል ልብ ወለድ አሳትሟል። በታሪኩ ውስጥ ቤት ሁሉ እሳት እንዳይበላው ሆኖ ስለተሠራ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚያጠፉት እሳት የላቸውም። ስለዚህ ሌላ ሥራ ተሰጣቸው፤ መጽሐፍ የተደበቀበትን ቤት እየፈለጉ ማቃጠል። በቧንቧቸው የሚረጩት ውሃ ሳይሆን ነጭ ጋዝ ነው። ሞንታግ የሚባለው አንዱ ሠራተኛ ከሚያቃጥላቸው መጻሕፍት ሰርቆ ማንበብ ይጀምራል፤ ኋላም ከተማውን ጥሎ ይሸሻል። በመጨረሻ የሚያገኛቸው ሰዎች መጻሕፍትን በቃላቸው የያዙ ናቸው። አሜሪካኖች ይህን እንደ ትልቅ ፈጠራ ያዩታል። ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ የቆሎ ተማሪ ለምናውቅ ለእኛ ግን ብዙም አያስደንቅም።

እሳት ለኳሽ መንግሥትም ለእኛ ተረት አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ቤንዚን ይዘው ዞሩ። የሣር ቤቶች ሰው በውስጣቸው እያለ ነደዱ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ተለኮሰ። ፊደል የቆጠሩት ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ፤ ይህም ያው መጽሐፍ ማቃጠል ነው እንላለን።

ከጠላት ወረራ ውጪም መጽሐፍ ተሳዷል። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ የተሰበሰቡት ቅጂዎች እንደተቃጠሉም ይነገራል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ከመደብር ተለቀመ፤ ደራሲው ራሱ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሆኖም ሁለቱም መጻሕፍት ዛሬ ይነበባሉ። ለምን ቢባል፣ ሰብሳቢዎቹ ያልደረሱበት ቤት ውስጥ ቅጂ ስለነበረ ነው። የሒሳብ ሰው ሆነን ይህን ታሪክ ስናይ ከጀግንነቱ በፊት የሚታየን ሁለተኛው ቅጂ ነው።

አሁን ወደ ትክክለኞቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እንምጣ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1992 በቦስኒያ ጦርነት የሳራዬቮ ቤተ መጻሕፍት በመድፍ ተመትቶ ሲነድ፣ ሠራተኞቹ ጥይት እየተተኮሰባቸው ውሃ ይረጩ ነበር። የከተማው ሰው ደግሞ ተሰልፎ መጻሕፍቱን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ አወጣ። አብዛኛው ነደደ፤ የተረፈው የተረፈው በእነዚያ እጆች ነው። ከብራድበሪ ታሪክ ይልቅ ይህ ቢነገር እንወዳለን። በኒውዮርክም መስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ሰው ሁሉ ደረጃውን ሲወርድ እነሱ ሽቅብ ሲወጡ 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች በአንድ ቀን አልቀዋል።

የእኛዎቹስ? ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ብዙዎቻችን በስልክ አየነው። ከዚያ ጨርቅ እያመጡ የሚቸረችሩ ዘመዶች ያሉን ነንና እንቅልፍ አልወሰደንም። ብዙ ሰው የእሳት አደጋ መኪናዎችን ሲወቅስ ሰማን። ነገር ግን መንገዱ ጠባብ፣ ሱቁ በሱቅ ላይ የተደረበ፣ ዕቃውም እሳት የሚጠራ ነበር። መኪና ማለፊያ በሌለበት ሰፈር ጀግና ብቻውን ምን ያድርግ? የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሠራተኞች እኮ በዙሪያ ወዳሉት የኦሮሚያ ከተሞችም ይወጣሉ። ጉድጓድ ውስጥ የገባ፣ ጎርፍ የወሰደው ሰው ሲኖርም የሚጠሩት እነሱ ናቸው። የእናት ልጆች ናቸው፤ ሲወጡ የሚጠብቃቸው ቤተሰብ አላቸው።

እንግዲህ ገፈርሳን ተመልከቱ። ከግድቡ የሚሄደው ውሃ አዲስ አበባን ስንት ዘመን አጠጥቷል! ውሃ አጠገባችን ተኝቶ የእኛ ጭቃ ቤት ሊነድ ይችላል፤ የግድብ ውሃ በእንስራ ተቀድቶ እሳት አያጠፋም። መኪናው ይዞት የሚመጣው ውሃም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ መኪናው ቶሎ እንዲደርስ ማድረጉ የእኛ ሥራ ነው። ስንደነግጥ መጀመሪያ ኡኡ እንላለን። ኡኡታ ጎረቤት ያመጣል፤ መኪናውን የሚያመጣው ግን ስልክ ነው። የአዲስ አበባው ነፃ መስመር 939 ነው፤ ቁጥሩን ማጀት ግድግዳ ላይ ጻፉት። ደዋይዋ የቤት ቁጥር አትፈልግ፤ ወፍጮ ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን ትጥራ። ሌላ ሰው ደግሞ የአምቦ አስፋልት ላይ ወጥቶ መኪናውን ይቀበል። ምጣድ ቢያያዝ ቆጣሪው ሳይጠፋ ውሃ አይደፋም። የጋለ ዘይት ሲነድ በክዳን ይታፈናል እንጂ ውሃ አይነካውም። በየደጃፉ የተከመረው እንጨትና አሸዋም መንገዱን ይልቀቅ፤ ይህን የምንለው ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ እያወቅን ነው።

መጨረሻ ያደረግነው የመዝገቡን ጉዳይ ነው። ከደጋፊዎቻችን አንዱ የብረት ሣጥን ሊገዙልን አስበዋል፤ እግዜር ይስጥልን። ግን በቅንነት እንናገር። የብራድበሪ መጽሐፍ ርዕስ ወረቀት ይነድበታል የተባለው ሙቀት ነው፤ 451 ፋራናይት ወደ እኛ መለኪያ ሲመለስ 233 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሆናል። ክፍል ሙሉ በሙሉ ሲነድ ደግሞ ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ ያልፋል። ተራ የብረት ሣጥን ከሌባና ከአይጥ ያድናል፤ በእሳት ውስጥ ግን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ወረቀቱም ውስጡ ሆኖ ይከስላል። በዚያ መዝገብ ላይ የተጻፈው የሰው ላብ ነው። ሽሮ አዘጋጅታ፣ ልብስ አጥባ፣ ጉልት ቁጭ ብላ በሳምንት ያስቀመጠችው ገንዘብ ማስረጃው እሱ ብቻ ነው። ደብተሯም መዝገቡም በአንድ ሌሊት ከነደዱ፣ ያስቀመጠችና ያላስቀመጠች እኩል ይሆናሉ፤ የተበደረችም «አልተበደርኩም» ማለት ትችላለች። ማኅበር የሚፈርሰው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሣጥኑ ይምጣ፤ ከእሱ ጋር ግን ሁለተኛ መዝገብ እንጠይቃለን። በየወሩ ሒሳብ ሲዘጋ በእጅ ተገልብጦ፣ በሦስት አባላት ተፈርሞበት፣ ከቢሮው ራቅ ባለ ሰፈር ይቀመጥ። ገጾቹ በስልክ ፎቶ ይነሱ፤ ፎቶው ከአንድ ስልክ በላይ ላይ ይኑር። እናንተም የቤት ካርታችሁንና የልጆቻችሁን የትምህርት ማስረጃ በዚሁ መንገድ አስነሱ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እናግዛችኋለን። የእሳት ማጥፊያውን በተመለከተ «የማኅበር ገንዘብ ለሞተ እንጂ ላልሞተ አይወጣም» ያሉ እናቶች አሉ። እናከብራቸዋለን፤ ግን አንስማማም። አንድ ማጥፊያ ለቢሮው፣ አንድ ደግሞ መጋገሪያዎቹ ለበዙበት መንደር ይገዛ ነው የምንለው፤ ዋጋውን ከሦስት ሻጮች አጠያይቀን ለኮሚቴው እናቀርባለን።

የቀረው ሁለተኛው መዝገብ ማን ቤት ይቀመጥ የሚለው ነው። ሊቀመንበሯ ቤት እንዳይሆን አንፈልጋለን፤ በእሳቸው ላይ ጥርጣሬ ኖሮን ሳይሆን ቤታቸው ከቢሮው ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለሆነ ነው። ከወንዙ ማዶ ካሉት እናቶች ፈቃደኛ የሆነች ከሻይ በኋላ ስሟን ታስመዝግብ።