የሚታይ ፊደል፣ የማይነበብ ሕግ
ለሕግ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር



በዐዋጅ ቁጥር 3/1987 የተቋቋመው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲወጣ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ ግን የአማርኛው የበላይነት እንዲኖረው ተደንግጓል። ይህን የማያውቅ የሕግ ባለሙያ የለም። አንድ ዓይነ ሥውር ጠበቃ ግን ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ያንኑ ጋዜጣ በጆሮው ሊያነብ ሲነሣ፣ በተለይ በቆዩት እትሞች፣ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው የዚህ ተቃራኒ ነው። እንግሊዝኛው ይነበብለታል፤ አማርኛው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ጋጋታ ይሆንበታል። እንግዲህ ይህ ሰው ፍርድ ቤት የሚቀርበው የበላይነት የሌለውን ቅጂ አንብቦ ነው። በኢትዮጵያ ዓይነ ሥውራን ምሩቃን ከሚሠማሩባቸው ሙያዎች አንዱ ሕግ እንደ መሆኑም፣ ነገሩ የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም በኮምፒዩተር ውስጥ ያለን ጽሑፍ ወደ ድምፅ ይለውጣል። ከእነዚህ አንዱ፣ ኤንቪዲኤ የተባለው፣ ማይክል ከራን በተባለ ዓይነ ሥውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረና ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የድምፅ መሣሪያም አማርኛ ያነባል። ድምፁ የሰው ለዛ የለውም፤ የለመደ ጆሮ ግን በፍጥነት ይከተለዋል። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ «ምስክሩ አለ» የሚለው «ተናገረ» ይሁን ወይም «ይገኛል» ለመለየት መሣሪያው ይቸገራል። ይህን ግን አድማጩ ከዐውዱ ያቃናዋል፤ ዓይናማውም አንባቢ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ጆሮ የማያቃናው ስሕተት ከጸሐፊው ጠረጴዛ የሚነሣው ነው። ስክሪን ሪደር የፊደልን መልክ አያይም፤ የሚያነበው ፊደሉ በኮምፒዩተር የተመዘገበበትን ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት የራሱን ቁጥሮች ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ባለሙያዎች የግዕዙን መልክ በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ከማኖር በቀር አማራጭ አልነበራቸውም። አንድ የፊደል ገበታ የነበረው ቦታ ከ256 አይበልጥም፤ 33ቱ ፊደላት በሰባቱ ድምፆች ሲባዙ ደግሞ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሳይቆጠሩ 231 ይሆናሉ። ያን ሁሉ አጣብቆ ማስገባት በጊዜው የሚመሰገን ብልኀት ነበር። የማይመሰገነው ዛሬም በዚያው መቀጠል ነው። በእንዲህ ያለ ፊደል የተጻፈ ውል በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም፤ ለስክሪን ሪደር ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ትርምስ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ገልብጦ በቴሌግራም መልእክት ላይ መለጠፍ ይበቃል። እዚያ አማርኛነቱ ከጠፋ ለዓይነ ሥውሩም ጠፍቷል።

ሌላው ዕንቅፋት ከማኅተም ፍቅር የሚመጣ ነው። ውሳኔው በትክክለኛ ፊደል ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ይፈረምበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያም በስካነር ተነሥቶ ፒዲኤፍ ሆኖ ይላካል። ጽሑፍ የነበረው በዚህ ጉዞ ፎቶግራፍ ይሆናል፤ ስክሪን ሪደሩም ባዶ ገጽ እንዳገኘ ይቆጥረዋል። ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚመልሱ ፕሮግራሞች አማርኛ ቢያውቁም፣ በደበዘዘ ቅጂና ማኅተም ባረፈበት መስመር ላይ አንዱን ፊደል በሌላው ይተካሉ። ገጹ እንግሊዝኛ ብቻ በሚያውቅ ፕሮግራም ካለፈም አማርኛው የላቲን ጋጋታ ሆኖ ይቀራል።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 323 ለይግባኝ የወሰነው ጊዜ 60 ቀን ነው። ዓይነ ሥውሩ ጠበቃ የተላከለትን ፎቶግራፍ የሚያነብለት ሰው እስኪያገኝ የሚያልፈው ቀን ከዚሁ ይቈረጣል እንጂ ማንም አይመልስለትም። ከዚህም የሚከፋ አለ፤ አንባቢ በጠራ ቁጥር የደንበኛውን ምስጢር ለሦስተኛ ሰው ያካፍላል። መድኃኒቱ ግን ወጪ የለውም። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ሲላክ ዋናው የዎርድ ጽሑፍ አብሮ ቢላክ፣ አንዱ ለማስረጃ፣ ሌላው ለንባብ ይሆናል።

በአጻጻፍ በኩል ያለው ጥቃቅን ነው፤ ቢሆንም ይደማመራል። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት የላቲን ኮለን የሚመታ ጸሐፊ ዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚያበቃ ለስክሪን ሪደሩ አልነገረውም። «ፍ/ቤት» ለዓይን ያጥራል፤ ለጆሮ ግን ስብርባሪ ነው። ርእስን ፊደል በማወፈር ብቻ ማሳየትም ለጆሮ የሚነግረው ነገር የለም፤ በዎርድ ውስጥ «ሄዲንግ» በሚለው ሥርዓት የተሠራ ርእስ ከሆነ ግን አድማጩ ኤች የተባለውን ቁልፍ እየመታ ከርእስ ወደ ርእስ ይዘላል። አርባ ገጽ ውሳኔ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ማዳመጥና በቀጥታ «ትእዛዝ» ወደሚለው መድረስ በሥራ ቀን ብዙ ሰዓት ይለያያሉ። በሁለት ዓምድ የሚቀርብ ጽሑፍም የንባብ ቅደም ተከተሉ በፋይሉ ውስጥ ካልተመለከተ፣ ግማሽ መስመር ከግራው ግማሽ መስመር ከቀኙ እየተቀላቀለ ሊነበብ ይችላል።

ዐዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል። ይህ ሲነገር በብዙዎች ሐሳብ የሚመጣው የደረጃና የመወጣጫ ነገር ነው። የሕግ ባለሙያ መሣሪያው ግን ሰነድ ነው፤ ሊያነበው ያልቻለ ጠበቃ ሕንፃው ውስጥ ቢገባም ሥራው ውስጥ አልገባም። ማኅበሩ በአባላቱ ዘንድ ሊጀምረው የሚችለው ነገር ቅርብ ነው፤ የሚያሠራጫቸውን ቅጾችና የውል ናሙናዎች በዩኒኮድ አጽፎ፣ ከመላካቸው በፊት አንድ ዓይነ ሥውር አባል በስክሪን ሪደር እንዲያዳምጣቸው ማድረግ፣ ለዚህም ሥራው እንደ ማንኛውም አራሚ መክፈል።