የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የተቀላቀለ ፕላዝማና የመሐንዲስ ኃላፊነት



የዛሬው ርእስ ለሐኪሞች ጉባኤ የተመረጠ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የደረሰው በማምረቻ ሂደት ውስጥ ስለ ሆነ መሐንዲስንም በቀጥታ ይመለከታል።

ሄሞፊሊያ በዘር የሚተላለፍና አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ልጆችን የሚያጠቃ ሕመም ነው። መነሻውም ደምን ከሚያረጉት ፕሮቲኖች አንዱ መጉደሉ ነው። ሕመሙ የበረታበት ልጅ ሳይወድቅ ሳይመታ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ክርኑ በውስጡ ይደማል። በደሙ ውስጥ ያለው ብረት በመገጣጠሚያው ሽፋን ላይ እየተጠራቀመ ያስቆጣዋል፤ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚያለብሰው ለስላሳ አካልም ቅባቱ እንዳለቀበት ኩሽኔታ እየተፋቀ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በምዕራብ አገሮች የተስፋፋው የፋክተር 8 ዱቄት ይህን ኑሮ ለወጠ። ልጁ መርፌውን በቤቱ ይወጋል፤ መድማቱ ቶሎ ይቆማል፤ ጉልበቱም ይተርፋል። ነገር ግን ዱቄቱ የሚመረተው የሺዎች ለጋሾችን ፕላዝማ በአንድነት በማቀላቀል ነበር። ለምሳሌ ከ10,000 ለጋሾች 1 ብቻ ቫይረስ ቢኖርበት፣ ከአንድ ለጋሽ ብቻ የሚገኘው አደጋ ከ10,000 አንድ ነው፤ የ10,000 ሰዎች ፕላዝማ ሲቀላቀል ግን ድብልቁ የመበከል ዕድሉ 63 በመቶ ይሆናል።

ሒሳቡ በሕፃናት ላይ ተፈጸመ። በ2024 በእንግሊዝ አገር የወጣው የመርማሪ ኮሚሲዮን ሪፖርት እንደሚያስረዳው፣ ደም ያለመርጋት ሕመም ካለባቸው ሰዎች 1,250 ያህሉ በመድኃኒታቸው አማካይነት በኤች አይ ቪ ተይዘዋል፤ ከእነዚህም 380 ያህሉ ልጆች ነበሩ። በሃምፕሺር በሚገኘው ትሬሎር በተባለው የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ቤት ከ1970 እስከ 1987 ድረስ ሄሞፊሊያ ያለባቸው 122 ተማሪዎች ተምረዋል፤ በሕይወት የቀሩት ግን 30 ያህል ብቻ ናቸው።

አደጋው ፈጽሞ ያልታሰበ አልነበረም። የጉበት በሽታ በተቀላቀለ ፕላዝማ እንደሚተላለፍ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከዚያው ፕላዝማ የሚወጣው አልቡሚንም ከ1940ዎቹ ጀምሮ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ10 ሰዓት ይሞቅ ነበር። ፋክተር 8 ግን በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽና ምርቱ ስለሚቀንስ ጥረቱ ዘገየ። በ1985 እንግሊዞች ደረቁን ዱቄት በ80 ዲግሪ ለ72 ሰዓት አሙቀው ቫይረሱን ለማጥፋት በቁ፤ ለብዙዎቹ ልጆች ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ዛሬ ከሰው ደም ያልተቀዳ ፋክተር 8 ይመረታል። ከእነዚያ ልጆች የተረፉት ግን፣ አሁን ጎልማሶች ሆነው፣ የተጎዳ መገጣጠሚያቸውንና የዕለት የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ይዘው ይኖራሉ።

ወተትን ከብዙ ገበሬዎች፣ ውኃን ከብዙ ጉድጓዶች ወደ አንድ ማጠራቀሚያ የሚያስገባ መሐንዲስ ሁሉ ይህን ሊያስብ ይገባዋል፦ ከተቀላቀለ በኋላ የድብልቁ ንጽሕና የሚለካው በአማካዩ ሳይሆን በክፉው ነው። ስለዚህ የማጽጃው ደረጃ ከማቀላቀያው ጋር አብሮ ይነደፍ እንጂ አደጋው እስኪደርስ አይጠበቅ።