ስለ ዶሮ መኖና ስለ ቪታሚን ኢ



በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ከርማ ጥቂት ብቻ የፈለፈለች እንደ ሆነ፥ ወይም ጫጩቶቿ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት አንገታቸው ተጠምዞ የወደቁ እንደ ሆነ፥ ነገሩ ብዙ ጊዜ በሰው ዓይን ይመካኛል። ዳሩ ግን ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ከመኖው ይገኛል።

ቪታሚን ኢ የሚባለውን ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ዓመት ኸርበርት ኢቫንስና ካተሪን ቢሾፕ የተባሉ ሊቃውንት በካሊፎርኒያ አገኙት። እርሱ የጎደላቸው አይጦች ቢፀንሱም ፅንሱ በማኅፀን ይጠፋ ነበር፤ ለምለም ቅጠል በበሉ ጊዜ ግን ወለዱ።

ዶሮ ይህን ቪታሚን ራሷ አታበጀውም፤ ከምትበላው ብቻ ታገኘዋለች። እርሱም ከቅባት ጋር እንጂ ከውኃ ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ ምግቡ ወደ ቀጭኑ አንጀት በወረደ ጊዜ ሐሞት ቅባቱን አድቅቆ ይበትነዋል፥ የቆሽትም ውኃ ይፈታዋል፤ ቪታሚኑም ከዚያ ቅባት ጋር በአንጀት ግድግዳ ያልፋል። በዶሮ ዘንድ ከዚያ በደም ሥር በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበትም አልፋ ቶኮፌሮል የሚባለውን ዓይነት መርጦ ወደ ሰውነት ሁሉና ወደ እንቁላሉ አስኳል ይልከዋል። ሥራው በሥጋና በአንጎል ያለው ስብ እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው። ጫጩት የመጀመሪያ ስንቁን ከአስኳሉ ስለሚያገኝ የእናቲቱ ጉድለት በልጆቿ ይታያል።

የእንጅባራ ገብስና የዳንግላ በቆሎ ከቪታሚኑ ጥቂት ይሰጣሉ፤ ለጋ ሣር፥ የጎመን ቅጠልና ኑግ ግን ይበልጣሉ። በደጅ የተለቀቀች ዶሮ ቅጠሉን ራሷ ትለቅማለች፤ ተዘግታ የምትውለው ግን ሰው ካላቀረበላት አታገኝም። ተፈጭቶ ብዙ የቆየ ዱቄት ቪታሚኑን ያጣል፤ ቅባቱ የሸተተ የኑግ ፋጉሎ ደግሞ በሰውነቷ ያለውን እንኳ ይጨርስባታል።

ሆኖም አንገቱ የተጠመዘ ሁሉ መኖ የጎደለው አይደለም። ፈንግልም አንገት ያጣምማል። በሽታው ትንሽ ትልቅ ሳይለይ ከቤት ወደ ቤት ሲዛመት ከታየ፥ ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

መምህር በውኃ ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ሲንሳፈፍ፥ ሳሙና ሲጨመርበትም ሲበተን ቢያሳይ፥ ተማሪዎች የሐሞትን ሥራ በዓይናቸው ያያሉ። ሽማግሌም በቤቱ፥ ዶሮይቱ ከመታቀፏ አስቀድሞ ዕለት ዕለት እፍኝ ለምለም ቅጠል እንዲቀርብላት ቢያዝዝ፥ የጫጩቶቹን ስንቅ አስቀድሞ ሰነቀ ማለት ነው።