ቦዝ አንቀጽና ጄረንድ፦ ዐረፍተ ነገርን ማጣመር በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ

ለቋንቋ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ በእንግሊዝኛ ሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን «ኢንግ» የሚል መድረሻ ባለው የግሥ ቅርጽ ስለ ማጣመር ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ነገሩን ባጭሩ ነክተውት ወደ መልመጃ ያልፋሉ። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለሚመጣ ተማሪ ግን ይህ አይበቃም፤ ተማሪው ባዶ እጁን አልመጣምና። በዚህ ረገድ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ይልቅ ባለጸጋ ነው፤ ብዙው ስሕተቱም የሚመነጨው ከዚሁ ሀብት ነው።

ከጉና ግርጌ የሚያርስ ገበሬ ስለ ሥራው ሲናገር፣ «ጧት ተነሥቼ፣ በሬዎቼን ጠምጄ፣ የገብሱን ማሳ አርሼ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ተመለስሁ» ቢል ማንም አይደነቅም። «ተነሥቼ»፣ «ጠምጄ»፣ «አርሼ» የሚሉትን የሰዋስው መምህራን ቦዝ አንቀጽ ይሏቸዋል። ብቻቸውን ዐረፍተ ነገር አይዘጉም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃሉ። ባለቤታቸውን ግን በመድረሻቸው ይዘው ይሄዳሉ፦ ተነሥቼ፣ ተነሥተህ፣ ተነሥታ፣ ተነሥተው።

ባለቤቱ በቦዙ ላይ ስለ ተጻፈ፣ የቦዙና የማሰሪያው ባለቤት ቢለያዩ አማርኛ አይቸገርም። «ዝናብ ጠፍቶ ሰብሉ ደረቀ» እንላለን። «እናቱ ሞታ ልጁ ትምህርቱን አቋረጠ» እንላለን። የሞተችው እናት፣ ያቋረጠው ልጅ መሆናቸውን ለመለየት «ሞታ» የሚለው ቃል ብቻውን ይበቃል።

የእንግሊዝኛው ቅርጽ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። «ጎኢንግ» ለእኔም፣ ለአንቺም፣ ለእነርሱም አንድ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በግልጽ ካልተነገረ አንባቢው ከዋናው ዐረፍተ ነገር ይዋስለታል። ተማሪው ከላይ ያለውን የአማርኛ ሐሳብ «አፍተር ዳይንግ፣ ዘ ቦይ ሌፍት ስኩል» ብሎ ቢጽፈው፣ የሞተውም ትምህርቱን የተወውም ልጁ ይሆናል። ይህ ዐረፍተ ነገር ለነፃ ትምህርት ዕድል በሚቀርብ ማመልከቻ ውስጥ ቢገኝ፣ አንባቢው በልጁ ኀዘን ላይ ፈገግ ሊል ይችላል። ተማሪው የሚከፍለው ዋጋ እንግዲህ የአንድ ነጥብ ጕዳይ ብቻ አይደለም። እርማቱ ቀላል ነው፤ «አፍተር ሂዝ ማዘር ዳይድ» ብሎ ባለቤቱን መጥራት። «ሂዝ ማዘር ሃቪንግ ዳይድ» ማለትም ትክክል ነው፤ ነገር ግን የመጽሐፍ ቋንቋ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

ሌላው ልዩነት የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። የአማርኛው ቦዝ አብዛኛውን ጊዜ ከማሰሪያው የቀደመ ድርጊትን ያመለክታል፤ «ሮጦ መጣ» እንደሚለው የአኳኋን አነጋገር ያለም አለ። የእንግሊዝኛው ቅርጽ ግን በብዙ ቦታ ሁለቱ ድርጊቶች አብረው እንደሚሄዱ ያስመስላል። የገበሬውን ሦስት ቦዞች በሦስት «ኢንግ» ብንተረጕማቸው፣ ሰውየው እየተነሣ፣ እየጠመደና እያረሰ በአንድ ጊዜ ይመለሳል! እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ያለቁ ግሦችን ደርድሮ በመጨረሻው ፊት «ኤንድ» ማስገባት ይመርጣል።

ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው ደግሞ ስያሜው ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ትልቁ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ ቦዙን «ጄረንድ» ብለውታል። በእንግሊዝኛ ሰዋስው ግን ጄረንድ የሚባለው እንደ ስም የሚያገለግለው «ኢንግ» ነው፤ የእርሱም አቻ ቦዙ ሳይሆን «ማረስ»፣ «መሸጥ» የሚለው ንዑስ አንቀጽ ነው። የቋንቋ ጥናትና የእንግሊዝኛ ሰዋስው ትምህርቶችን ጎን ለጎን የሚወስድ ተማሪ በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይማራል። ይህን የሚነግረው ካላገኘ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

መለያው ከአማርኛው ሊገኝ ይችላል። «ድንች በመሸጥ ትተዳደራለች» በሚለው ውስጥ «መሸጥ» «በ»ን ተቀብሏል፤ ስም ነውና። እንግሊዝኛውም «ባይ ሴሊንግ» ይላል፤ ይህ ጄረንድ ነው። «ድንቹን ሸጣ ጨው ገዛች» በሚለው ግን «ሸጣ» ቦዝ ነው፤ «በሸጣ» አይባልም። ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «ሃቪንግ ሶልድ» ወይም በ«ኤንድ» የተያያዙ ሁለት ግሦች ይሆናል። «አፍተር ሴሊንግ» ብንልም ያስኬዳል፤ የሸጠችውም የገዛችውም አንዲት ሴት ናትና።

መምህራን ሆይ፣ በተማሪው ጽሑፍ ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም «ዳንግሊንግ» ብሎ መጻፍ ለተማሪው ምንም አይነግረውም። «ድርጊቱን የፈጸመው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ መልሱን በአማርኛ ያውቀዋልና። በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አማርኛ መናገር ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ። በዚህ ርእስ ላይ ግን አምስት ደቂቃ አማርኛ ብዙ ሰዓት እርማት ያተርፋል ባይ ነኝ።

በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «መንገዱ ተበላሽቶ ተማሪዎቹ ዘገዩ» የሚል ነው። ወደ እንግሊዝኛ ከመመለሳችሁ በፊት የእያንዳንዱን ግሥ ባለቤት አስምሩበት፤ ውይይታችንን ከዚያ እንጀምራለን።